ሚኒሞ ላይ አታስተኙት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሃይሉክሱን ሰማያዊ ጭስ እያስጨሰ ጋራዤ መጣ። ጋራዤ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ወደ ሰንዳፋ መውጫው ላይ ናት። ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦም አዲስ ነው። "ጋሼ፣ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት፣ ለምንድነው ዘይት የሚበላው?" አለኝ። ጠየቅኩት። ለካ የተገጠመ ቀን ግቢ ውስጥ አስነስቶ ግማሽ ቀን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ትቶታል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ40 ሳያልፍ ነድቷል። "እንዲላመድ ብዬ ነው" አለኝ።

ምን ልበለው? እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ አድርጌያለሁ።

ብቻዬን የገጠምኩት የመጀመሪያ ሞተር የአንድ ጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር ነበር። ፈርቼዋለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ሚኒሞ ላይ አቆይቼው አጠገቡ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ድምፁን ሳዳምጥ ዋልኩ፤ ድምፁ ደግሞ ያምር ነበር፣ እሱ ነው ያታለለኝ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ዘይት ጨምሬ ሞትኩ እያለ ተመለሰ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ሳወርደው ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ያበራል። የማደሻው ወጪ ከኪሴ ወጣ፣ ያን ወር ምሳዬ ዳቦ በሻይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ተጭሮ ሲመጣ ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ቀጭን ጭረት አለው። ባትሪ አብርታችሁ እዩት፣ እንደ ወንፊት ነው። ጭረቱ ዘይት ይይዛል፣ አዲሱን ፋሻ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት ደግሞ እንደ ሞረድ እየሞረደ ከግድግዳው ጋር ያገጥመዋል። ግን ፋሻው ግድግዳውን የሚጫነው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ናፍጣው ሲቃጠል ጋዙ ከጀርባው ይገባና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሚኒሞ ላይ ይህ ግፊት ትንሽ ነው። ፋሻው ሳይገጥም ይመላለሳል፣ የተረፈው ዘይት ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ ጭረቱ ይደፈናል። አንዴ ከተደፈነ በኋላ ብትለምኑትም አይሰማም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ተረት ለሮዳጅ፣ ማለትም አዲስ ሞተር ለማላመድ፣ አልተተረተም።

ታዲያ አስነስታችሁ ርገጡት ማለቴ አይደለም። ቱርቦ አለ። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የሚንሳፈፈውም በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ደረቅ ሆኖ ጥቂት ሰከንድ ከዞረ ያ ሁሉ ብር ተቃጠለ። ስለዚህ እኔ ከፋርማሲ በገዛሁት ትልቅ ሲሪንጅ በዘይት መግቢያው ንጹህ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ዘንጉን በጣቴ አዞረዋለሁ፣ በታች ጠብ ሲል አያለሁ። ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሳ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጄክተሮች ሶኬት ነቅዬ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው፣ ብቻ አዞረዋለሁ። 10 ሰከንድ፣ እረፍት፣ እንደገና 10 ሰከንድ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ረዳቶቼ ይሰለቻቸዋል። ይሰልቻቸው።

የቀድሞው ቱርቦ ተሰብሮ ከነበረ የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለርና የአየር ቱቦዎቹን አውርዳችሁ እጠቡ። እዚያ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይትና የብረት ስብርባሪ የሚሄደው ወደ አዲሱ ሞተራችሁ ነው። ለቱርቦው ዘይት የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦም ለውጡት፣ ውስጡ በከሰል ተዘግቶ ይሆናል። እዚያ ጋ ሲልኮን አትቀቡ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፣ ስለዚህ ያረጀ ክዳን በታደሰ ሞተር ላይ አትመልሱ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደውን ቴርሞስታት ደግሞ "ለአዲስ አበባ አያስፈልግም" ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ፤ ይህ ነገር ያናድደኛል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሄዳል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ፋሻውም አይገጥም።

አሁን ይነሳ። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ የሚያፈስ ነገር ካለ ለማየት ብቻ። ከዚያ ኮፈኑ ይዘጋና ወደ መንገድ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ወደ ሰንዳፋ እወጣለሁ። ሙቀቱ እስኪደርስ በቀስታ። ከሰንዳፋ በኋላ እስከ ሸኖ መንገዱ ለዚህ ሥራ ይመቻል፣ ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ላይ ከ1,500 ዙር ጀምሬ መካከለኛ ነዳጅ እየሰጠሁ እስከ 2,500 አወጣዋለሁ። ከዚያ እግሬን አነሳለሁ፣ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ በማርሹ ይውረድ። እንደገና። እንደገና። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አይቀርም፣ ስንገጥም የቀባነው ዘይት ነው። አሌልቱ አካባቢ መስታወት ውስጥ ወደ ኋላ አይቼ ጭሱ ሲሳሳ ሳይ እስካሁንም ደስ ይለኛል።

የአዳማው ፈጣን መንገድ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ልጆች ለሮዳጅ ይመርጡታል። አይሆንም። እዚያ ሰዓት ሙሉ አንድ ዓይነት ዙር ላይ ትቆማላችሁ፣ ሞተሩ የሚፈልገው መለዋወጥ ነው። ጭነት ጭናችሁ የእንጦጦን ዳገት ወደ ሱሉልታ መውጣትም እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ይቅር። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ቱርቦው ይበልጥ መሽከርከር አለበት።

ሚኒሞን የሰደብኩት ለመጀመሪያው ሰዓት ነው እንጂ ጥቅም አለው። ዳገት ወጥታችሁ ወይም ፈጥናችሁ ስትደርሱ ወዲያው አታጥፉ። ቱርቦው ግሏል፣ ዘይቱ ከቆመ እዚያው ይከስላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት። ስልካችሁን እስክታዩ ይበቃል።

ዘይቱን 100 ኪሎ ሜትር ላይ እደፋለሁ፣ ከነፊልትሮው። ነጭ ጄሪካን ቆርጬ እዚያ ውስጥ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። ስስ ግራጫ ብልጭታ ይጠበቃል። በጥፍር የሚያዝ ቅርፊት ወይም የመዳብ ቀለም ካያችሁ ግን መኪናው ከዚያ አይንቀሳቀስ። ሁለተኛው ለውጥ 1,000 ላይ ነው። የሁለቱንም ዘይት ዋጋ መጀመሪያውኑ ሥራው ላይ ደምሩት፣ አለዚያ ባለቤቱ ለሁለተኛው አይመጣላችሁም። እኔ ስንት ጊዜ ጠብቄ ቀርቻለሁ።

ባለቤት ደግሞ ይቸኩላል። ብድር አለበት፣ ዛሬ ማታ ሽንኩርት ሊጭን ይፈልጋል፣ አትፍረዱበት። እኔ ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፌ በማርከር እጽፋለሁ፦ "እስከዚህ ኪሎ ሜትር ጭነት የለም"። ሹፌሩ ቢቀየርም ጽሑፉ አይቀየርም።

ያ ልጅ? መጀመሪያ ሸኖ ደርሰን ተመለስን፣ አንዳንዴ ይተርፋል ብዬ። አልተረፈም። ቴስታታው ወርዷል፣ ፒስተኖቹ ወጥተዋል። ሲሊንደሩ እንደገና ተጭሮ ከቶርኖ ቤት ትናንት መጣ። ባትሪውን ሰጥቼው እይ አልኩት፣ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ፋሻውን ዛሬ እሱ ራሱ አስገባ፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ቅዳሜ በ12 ሰዓት እንወጣለን፣ እሱ ይነዳል።