አሲዱ ከቀነሰ ምግቤ አይፈጭም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሐኪም ለጨጓራዬ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዞልኝ ሦስት ሳምንት ወስጃለሁ። ቃጠሎው በጣም ቀንሶልኛል። ግን ምግብ የሚፈጨው በአሲድ ነው ሲባል ሰምቼ ሐሳብ ገባኝ። የምበላው ሳይፈጭ ሊቀር ነው? መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ በራስዎ አያቁሙ። ምግብዎ ይፈጫል። ስጋትዎ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳዎት።

ምግብን በዋናነት የሚቆራርጠው አሲዱ ራሱ ሳይሆን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም እንደ ክር የተጠቀለለ ፕሮቲን ነው። ጥቅልሉ ላይ አንዲት ስርጉድ ቦታ አለች፤ ምግቡ የሚቆረጠው እዚያ ገብቶ ነው። በስርጉዷ ዙሪያ ምግቡን ስበው የሚይዙ አዎንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሎች አሉ። የአሲዱ መጠን ሲለወጥ ሙሎቹም ይለወጣሉ። ያኔ ኢንዛይሙ ምግቡን መያዝ ያቅተዋል፣ ሥራውም ይንቀረፈፋል። ለውጡ ከባሰ ጥቅልሉ ራሱ ይተረተራል፤ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በኋላ አይመለስም።

አሲድ የሚለካው በፒኤች ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ የአንድ ቁጥር ልዩነት 10 እጥፍ ነው። ጨጓራ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጠው ፔፕሲን 2 አካባቢ ላይ ይፈጥናል። 4 ላይ ይደክማል፣ 6 ሲደርስ ሥራ አቆመ ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእርስዎ ፔፕሲን አሁን በርግጥ ቀዝቅዟል።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ምግቡ ከጨጓራ ሲወርድ ቆሽት ባይካርቦኔት ይለቅበትና አሲዱን ያረግበዋል። ከዚያ የቆሽት ኢንዛይሞች የሆኑት ትሪፕሲን ፕሮቲኑን፣ ላይፔዝ ቅባቱን ይይዛሉ። እነዚህ የሚስማማቸው ከ7 እስከ 8 ያለው ፒኤች ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ፔፕሲንን የሚያነቃው አሲድ ላይፔዝን ይገድለዋል። ቆሽታቸው ለደከመ ሰዎች የምንሰጠው የኢንዛይም ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሲድ በማያሟሟው ሽፋን የሚለበጡት ለዚህ ነው። አይታኘኩም።

መድኃኒቱን ጠዋት፣ ምግብ ከመቅመስዎ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ይውሰዱት። ለዓመታት የሚወስዱት ከሆነ ግን ቫይታሚን ቢ12 እንዲታይልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቫይታሚኑን ከምግቡ ፕሮቲን የሚያላቅቁት አሲድና ፔፕሲን ናቸውና።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መዋጥ ካስቸገረዎት ወይም ሳያስቡት ከከሱም ቀጠሮዎን አይጠብቁ።