«ሠራተኛው ራሱ ፈርሟል»

ጥያቄ፦ የብረት ሥራ ድርጅት አለኝ። አንድ ሠራተኛ በእጅ ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ዲስኩ ተሰብሮ ዓይኑን ጎዳው። መነጽር ሰጥቼው ነበር፤ አላደረገም። «ለሚደርስብኝ አደጋ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ የፈረመበት ወረቀትም በእጄ ነው። እጠየቃለሁ?

መልስ፦ የመጠየቅዎ ዕድል ሰፊ ነው። መነጽሩን አለማድረጉ ምን ያህል እንደሚታይልዎ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉልኝ ነገር ነው።

ዲስኩ ለምን ተሰበረ? የማሽኑ መከላከያ ክዳን በቦታው ነበር? ክዳን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ትልቅ ዲስክ አልገባ ሲል ነው። የ125 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ የ230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚችለው ግን 6,600 አካባቢ ነው። እንዲህ ተገጥሞ ከሆነ የመነጽሩ ክርክር ብዙም አያድንዎትም። (ደግሞስ ለዲስክ ስባሪ መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ በላዩ የፊት መከለያ ያስፈልጋል።)

አሁን ወደ ወረቀቱ። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ማሽኑንና የሥራ ቦታውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው ስለፈረመ ወደ እሱ አይዞርም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 21 ለደህንነት የሚደረግ ጥንቃቄ ሠራተኛውን ምንም ወጪ እንዳያስወጣው ይላል። የመነጽሩን ዋጋ የማይከፍል ሰው የዓይኑን ዋጋ ይክፈል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ይባስ ብሎ ወረቀቱ አደጋውን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር ይመሰክርብዎታል።

ቀኑንስ ለምን አልነገሩኝም? ከአደጋው በኋላ ተፈርሞ የቀድሞ ቀን ተጽፎበት ከሆነ፣ ነገሩ ከካሳ አልፎ ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ሊሄድ ይችላል። አይቅደዱት፣ ለማንም አያቅርቡት፤ መጀመሪያ ለጠበቃ ያሳዩ።

የሚጠቅም ፊርማ ሌላ ነው፦ ምን ዕቃ በየትኛው ቀን እንደተረከበ፣ ማን እንዳሠለጠነው፣ ሳያደርግ ሲገኝ የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ካሉዎት ዛሬውኑ ይሰብስቡ። ግራይንደሩን ከሶኬት ነቅለው ይቆልፉበት፤ ክዳኑን አሁን መልሰው እንዳይገጥሙ። የዲስኩን ስባሪዎች አንድ ሳይጥሉ ያስቀምጡ፤ የዙር ልኩንና በመሃሉ የብረት ቀለበት ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ፎቶ ያንሱ። አደጋውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ ሊኖር ስለሚችል ነገ ሳይሉ ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያ ሠራተኛውን ሌላ ምንም ወረቀት እንዳያስፈርሙት።