ሚኒያፖሊስ በዊንተር በብስክሌት ሥራ መሄድ ይቻላል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ይቻላል። ከዳላስ ገና መምጣትህ ስለሆነ "ብርዱ ያስነዳል ወይ? ጎማ መቀየርስ የግድ ነው?" ብለሃል። እኔ እዚህ ስድስተኛ ዊንተሬ ነው፤ ለጠዋት 1 ሰዓት ሺፍት በብስክሌት ነው የምሄደው። ብርዱን በልብስ ትችለዋለህ። እኔን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው።

እኛ ሁሉንም በረዶ እንላለን እንጂ ለብስክሌት ስኖው (እንደ ጥጥ የሚወርደው) እና አይስ (ተጋግሮ የጠጠረው) ሰማይና ምድር ናቸው። ገና የወረደ ስኖው ያንገዳግድሃል እንጂ ቶሎ አይጥልህም። የሚጥለው አይሱ ነው። ሁለተኛው ዓመቴ ላይ፣ ማርች ወር፣ ቀን የቀለጠው ውሃ ሌሊት ተጋግሮ ድልድይ ላይ ጠበቀኝ። እርጥብ አስፋልት መስሎኝ ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማው መቼ እንደሄደ አላውቅም፤ የማስታውሰው ጓንቴ መሬቱን ሲፍቅ የሰማሁትን ድምፅ ነው። የእጄ አንጓ ተሰንጥቆ 6 ሳምንት በጀሶ ከረምኩ። ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ነው የሚጋገረው፤ ከመድረስህ በፊት ቀስ በል፣ ላዩ ላይ ግን መሪውን አታዙር፣ ፍሬን አትንካ።

ስለዚህ ጎማው፣ አዎ፣ የግድ ነው። ባለ ሚስማሩን፣ አይሱን ቆንጥጠው የሚይዙ ትናንሽ ሚስማሮች ያሉበትን ጎማ ግዛ። የሚስማሮቹ ጫፍ ተንግስተን ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ስለሆነ አስፋልት ቶሎ አይበላውም። ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ብቻ ስለምታስረው ዓመታት ያገለግልሃል። ገንዘብ ካጠረህ የፊቱን አስቀድም፦ የኋላው ቢንሸራተት እግርህን አውርደህ ትተርፋለህ፣ የፊቱ ከሄደ ግን ወደቅህ ማለት ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ባለ ሚስማሩ ጎማ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል፤ አትደንግጥ፣ ጤነኛ ድምፁ ነው።

መንገድህን በተቻለህ መጠን በሚድታውን ግሪንዌይ አድርገው። ድሮ የባቡር መስመር የነበረ የብስክሌት መንገድ ነው፣ 5.5 ማይል ያህል ይሄዳል፣ መኪና የለበትም፣ ስኖውም ይጠረግለታል።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፦ ከቤት ስትወጣ ትንሽ ከበረደህ ልክ ነህ፣ ከሞቀህ መንገድ ላይ በላብ ትርሳለህ። ለእጅህ ጣት በጣት ያልተለየውን፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ ሸፍኖ የሚይዘውን ጓንት አድርግ።

ብስክሌቱን ማታ ሙቅ ቤት ካስገባኸው ሳይደርቅ አታውጣው። የቀለጠው ውሃ የፍሬን ሽቦው ውስጥ ይጋገርና ፍሬኑ እምቢ ይልሃል። ካቴናውንም ቶሎ ቶሎ እየጠረግህ ዘይት ቀባው፣ የመንገዱ ጨው ያዝገዋል።

ዝናቡ እንደወረደ አይስ የሚሆንበት ቀን ግን እኔም ባስ ነው የምይዘው። የሜትሮ ትራንዚት ባሶች ከፊታቸው ብስክሌት መጫኛ ስላላቸው፣ ጠዋት ነድተህ ሄደህ ከሰዓት ቢብስብህ ጭነህ ትመለሳለህ።