ፓስዎርዱን ከተቀበለሽ ምስጠራው አልተበላሸም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። እህታችን ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የደንበኞች መዝገብ ያለበትን ባለ 1 ቴራባይት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ በሉክስ፣ ዲስክን በፓስዎርድ በሚያመሰጥረው ዘዴ፣ ቆልፋዋለች። ሐረር ላይ ችግር አልነበረም። ቢሮው ድሬ ከዚራ ሲከፈት ዲስኩን ይዛ ወረደች። ጠዋት ፓስዎርዱን ይቀበላል፣ ፋይል ይከፈታል። ከሰዓት ትልቅ ፎልደር ስትገለብጥ ግን መሃል ላይ ‹ኢንፑት አውትፑት ኤረር› ይላል፤ ሲስተሙ ‹ኤስዲቢ› ብሎ የሰየመው ዲስክም ማንም ሳይነቅለው ስሙ ‹ኤስዲሲ› ሆኖ ይገኛል። አንድ ባለሙያ ‹ኤፍኤስሲኬ› የሚባለውን የፋይል ሲስተም መመርመሪያና መጠገኛ ሁለት ጊዜ አስኪዶበት ‹ምስጠራው ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ› አላት።

ድሬ ነንና አንቺ ልበልሽ። ፎርማት አይደረግም። ዊንዶውስ ላይ ሲሰካም ‹ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?› ወይም ‹ኢኒሻላይዝ ይደረግ?› ብሎ ይጠይቃል፤ የተቆለፈ ዲስክ ለእሱ ባዶ ይመስለዋል። እሺ እንዳትዪው።

ደብዳቤሽን ሳልጨርስ የጠረጠርኩት ኬዙን፣ ዲስኩ የተቀመጠበትን ሽፋን፣ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ፣ ከሰዓት ደግሞ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ስሙ ሳይነቀል የተቀየረ ዲስክ ለአፍታ ጠፍቶ የተመለሰ ዲስክ ነው። በኬዙ ውስጥ ያለችው ትንሽ የዩኤስቢ ሰሌዳ ስትግል ወይም ኃይል ሲያንሳት ትወድቅና ትነሳለች። የተከፈተው ሉክስ ግን የሞተውን ኤስዲቢ እንደያዘ ይቀራል፤ ኤረሩም ከዚያ ነው።

ምስጠራው ለምን ንጹሕ ነው እንዳልኩ ትንሽ ላስረዳሽ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁና ታገሺኝ። ፓስዎርድሽ መዝገቦቹን በቀጥታ አይቆልፍም። መዝገቦቹን የሚቆልፈው ዲስኩ ሲዘጋጅ በዘፈቀደ የተፈጠረ ሌላ ቁልፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 64 ባይት። ይህ ቁልፍ በፓስዎርድሽ ተቆልፎ ከመዝገቦቹ ፊት፣ ሄደር የሚባለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ደግሞ እንዳለ አይደለም፤ 4000 ቦታ ተከፋፍሎ 250 ኪሎባይት ያህል ይሆናል። አራት ሺህ አባል ያለው እቁብ አስቢ፤ አንድ ሰው ከቀረ እጣው አይወጣም። ይህ ሆን ተብሎ ነው፤ ፓስዎርድ ሲሰረዝ ጥቂት ባይት ብቻ ቢጠፋ እንኳ ቁልፉ እንዳይመለስ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመዝገብ ቦታ ግን ሌላ ጸባይ አለው። ኤክስቲኤስ በሚባለው በተለመደው የማመስጠር አሠራር አንዲት ቢት ብትበላሽ የሚጠፋው 16 ባይት ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ አይነካም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፓስዎርድሽን የሚቀበል ዲስክ እቁብተኛው አንድም ሳይጎድል ተሰብስቧል ማለት ነው። ችግሩ ከሉክስ በታች፣ ሽቦና ኬዝ ላይ ነው፤ ወይም ከበላዩ፣ ፋይሎቹ በሚደራጁበት ፋይል ሲስተም ላይ። (አንዳንዴ ‹ፓስዎርዱ ስህተት ነው› ካለሽ መጀመሪያ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ዞሮ እንደሆነ እዪ። ስንት ሰው እዚህ ላይ አልቅሷል!)

ነገ ጠዋት አየሩ ሳይግል ከሁሉ በፊት ሄደሩን ቅጂ። ሉክስ የሚታዘዝበት ክሪፕትሴታፕ የሚባል ፕሮግራም ‹ሉክስ ሄደር ባካፕ› የሚል ትዕዛዝ አለው፤ ሉክስ 2 ከሆነ 16 ሜጋባይት ያህል ፋይል ይሰጥሻል። ፍላሽ ላይ አስቀምጪው፣ እዚያው ዲስክ ላይ አይደለም። ሉክስ 2 የሄደሩን መረጃ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ እቁብተኞቹ ያሉበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ፍላሹንም እንደ ማኅተም ጠብቂው፤ ፓስዎርድሽን በኋላ ብትቀይሪ እንኳ ያ ፋይል በድሮው ፓስዎርድ ይከፍታል።

ከዚያ ኬዙን ክፈቺ። ከገበያ በርካሽ የሚገዙት አብዛኞቹ በፕላስቲክ ካርድ ይፈለቀቃሉ፤ ሰሌዳቸው የጥፍር ታህል፣ ኬብላቸው እንደ ክር የቀጠነ። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900፤ ዲስክ ሲነሳ ግን አንድ አምፔር ገደማ ሊጠይቅ ይችላል፣ በዚያ ክር በኩል! ውስጡ ተራ የሳታ ዲስክ (ኮምፒውተር ውስጥ በቀጥታ የሚሰካው ዓይነት) ካገኘሽ ዴስክቶፕ ላይ በሳታ ኬብል ሰክተሽ ሞክሪ። ዩኤስቢው ዲስኩ ላይ የተበየደ ከሆነ አትነካኪው። አንዳንድ ኬዝ ራሱም ያመሰጥራል፤ ከኬዙ ወጥቶ ሲሰካ ሉክሱ ካልታየሽ ደንግጠሽ ፎርማት እንዳታደርጊ፣ ወደ ኬዙ መልሺው።

ስማርቱን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን፣ አንብቢ። በመለያ 199 ሥር ያለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ የሳታ ኬብል ወይም የኬዙ ሰሌዳ ነው። በመለያ 197 ወይም 5 ሥር ያለው ከዜሮ በላይ ከሆነ የዲስኩ ገጽ ራሱ እየተጎዳ ነው።

ያም ሆነ ይህ ጥገና የሚደረገው ቅጂው ላይ ነው። ያ ባለሙያ እየጠፋ በሚመለስ ዲስክ ላይ ‹ለሁሉም እሺ› ብሎ ኤፍኤስሲኬ ማስኬዱ ያናድደኛል፤ ማንበብ ያቃተውን ሁሉ የተበላሸ ነው ብሎ ሊቆርጥ ይችላል። የጎደለ መዝገብ ካለ ‹ሎስት ፋውንድ› በሚባለው ፎልደር ውስጥ በቁጥር ስም ፈልጊው። አንቺ ግን እኩል ወይም የሚበልጥ ዲስክ አምጥተሽ ከታመመ ዲስክ በሚገለብጠው ፕሮግራም በዲዲሬስኪው፣ እንደተቆለፈ፣ ሙሉውን ገልብጪ። የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን የማፕ ፋይል አትርሺ፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እኛ አገር ደግሞ ይሄዳል። ሁለቱን ዲስክ አንድ ላይ ሰክተሽ አትክፈቺ፤ መለያቸው አንድ ስለሆነ ሲስተሙ ይምታታበታል። ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ ምንም በማይጽፍበት መንገድ አስኪጂው፣ ምን እንደሚል አንብቢ፣ ከዚያ ጠግኚ። የሚሄደውም ከፓስዎርድ በኋላ በ‹ማፐር› ፎልደር ሥር በሚወጣው፣ በተከፈተው ዲስክ ላይ ነው፤ ኤስዲቢ ላይ በቀጥታ አይነካም። ደግሜ ልበል፦ ኤስዲቢ ላይ በቀጥታ አይነካም፣ ፎርማትም አይባልም።

197 ላይ ቁጥር ካየሽ የድሮው ዲስክ ጡረታ ወጥቷል። ለመጣል ሙሉውን መደምሰስ አያስፈልግም፤ ‹ሉክስ ኢሬዝ› የሚለው ትዕዛዝ እቁቡን ይበትነዋል፣ ፍላሹ ላይ ያለውንም የዚያን ዲስክ ሄደር አጥፊ። ግን መጀመሪያ ከቅጂው ላይ መዝገቦቹን ራስሽ አንድ በአንድ ከፍተሽ እዪ፣ ለቅጂውም የራሱን ሄደር ባካፕ አውጪለት።