ከስም ጀምር

ሰላም ወንድሜ። ለላይብረኦፊስ ራይተር (ለጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም) የማጣቀሻ ማስገቢያ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያ፣ እየሠራህ እንደሆነና ከምን ብትጀምር እንደሚሻል ጠይቀሃል። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ተነሥቼ የምልህ፦ ከስም ጀምር።

ብዙው ሶፍትዌር ለቤተሰብ ስምና ለግል ስም ሁለት ሣጥን ያቀርባል። እኛ ዘንድ ያለው የራስና የአባት ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ታደሰ ታምራትን ስታስገባ «ታምራት፣ ታ.» ብሎ ያወጣል። አባትዬውን ጠቀሰ ማለት ነው! መርዕድ ወልደ አረጋይ ላይ ይብሳል፤ የመጨረሻዋን ቃል ቆርጦ «አረጋይ» ይለዋል። የሸዋን ታሪክ የሚያጠና ልጅ ሁለቱንም መጥቀሱ አይቀርም፤ ስማቸው ተገልብጦ ሲታይ እኔን በጣም ያናድደኛል። ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ስምን በአንድ ሣጥን መጻፍ ይቻላል። የማጣቀሻ አጻጻፍ ስልት የሚገለጽበት ሲኤስኤልም (CSL) «ሊተራል» የሚባል ቦታ አለው፤ ስሙን እንደገባ ያወጣዋል። ለአማርኛ ምንጭ ይህን መነሻ አድርገው። ሁለት ሣጥን የፈለገ ራሱ ይቀይር።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት። በፍጹም አትቀይርበት። መጽሐፉ ላይ 1964 ዓ.ም. ብቻ ካለ፣ ወሩን ካላወቅህ በፈረንጆቹ 1971 ይሁን 1972 አታውቅም። ግን ዝርዝሩ ሲደረደር ችግር አለ። አንድ ደራሲ በአማርኛ በ2000 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ቢጽፍ፣ ቁጥሩን ብቻ ካየህ የአማርኛው ይቀድማል፤ የታተመው ግን በኋላ ነው። ስለዚህ የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብረህ መዝግብ። ለመደርደሪያ ብቻ የኢትዮጵያው ዓመት ላይ 8 የተጨመረበት ስውር ዓመት ያዝ፤ ገጹ ላይ የሚታየው አይነካ።

ፍለጋው ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን ከነራብዓቸው (ሃ፣ ሓ፣ ኃ) እንደ አንድ ቁጠራቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ «ኃይሉ»ን ማግኘት አለበት። የደራሲውን አጻጻፍ ግን አታስተካክል። በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ ላለው ደግሞ 2012ሀ፣ 2012ለ ይበል።

ከመጽሐፍና ከመጽሔት ሌላ የቃል መረጃ ሰጪ የሚባል ዓይነት ጨምርልን፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን። መንዝና አንኮበር ወርደው ሽማግሌ የሚያነጋግሩ ልጆች ይህን ሁሉ በእጃቸው ነው የሚሞሉት።

የአዝራሩን ቦታ ብዙ አትጨነቅበት፤ አንድ የኪቦርድ አቋራጭ ይበቃል። የሚያስጨንቀው ፋይሉ ነው። ማጣቀሻው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ከተለጠፈ፣ መሃል ላይ አንድ ምንጭ ሲጨመር ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ከምንጩ ጋር የተያያዘ፣ በራሱ የሚታደስ ፊልድ ይሁን፤ የምንጩ ሙሉ መረጃም ሰነዱ ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ ላብ ውስጥ ይጀምራል፣ በፍላሽ ይዞ ጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ይቀጥላል፣ ለአማካሪው በቴሌግራም ይልካል። ኢንተርኔት ባይኖርም፣ ፕለጊኑ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ቢከፈትም፣ ጽሑፉ ሳይበላሽ መነበብ አለበት። መጀመሪያ ይህን ሞክረው።