«ሌብሉ ንጹህ ነው፣ ልግዛው?» ለምትሉኝ ልጆች

ለንደን የሚኖር የዘመድ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ጨረታ ላይ የቀረበ የ1963 ቪንቴጅ ፖርት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፖርት የፖርቱጋል ጣፋጭና ጠንካራ ወይን ነው፤ ቪንቴጅ የሚባለው የአንድ ጥሩ ዓመት ምርት ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ የሚያረጀው ነው። «ጋሼ፣ ሌብሉ ንጹህ ነው፣ ልግዛው?» ይላል። ያነሳው ሌብሉን ብቻ ነው። የጠርሙሱ አንገት ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ዕድሜዬን በጨረታ ቤት የወይን ክፍል ስለጨረስኩ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ሌብል ሲባል ትዝ የሚሉኝ ሌብል ያልነበራቸው ሦስት ጠርሙሶች ናቸው። አንዲት አዛውንት እንግሊዛዊት ባላቸው ሞተው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ከምድር ቤት አግኝተዋቸው በጋዜጣ ጠቅልለው አመጧቸው። ጥቁር ጠርሙስ፣ አፉ ላይ የተሰነጣጠቀ ሰም፣ ጎኑ ላይ ጠብ ያለ ነጭ ቀለም። ያቺን ነጭ ምልክት ሳይ ልቤ ደንገጥ አለ። ድሮ ፖርት አስተኝተው ሲያስቀምጡ ወደ ላይ የዋለውን ጎን ነጭ ይቀቡታል። ጠርሙሱ ቦታ ሲቀይር ያው ጎን ወደ ላይ ይሆናል፣ አተላውም ከተኛበት አይነሳም።

ሴትዮዋ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረሰኝ አወጡ። አንድ የብሪስቶል ነጋዴ በ1930 ለባላቸው አባት የጻፈው ነው፤ ለ1927 ፖርት። ጊዜው ልክ ይገጥማል። ቪንቴጅ ፖርት በርሜል ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው ጠርሙስ የሚገባው። ያኔ ደግሞ በርሜሉ ከፖርቱጋል ወደ እንግሊዝ ይጫንና እዚያ ያለው ነጋዴ ወይኑን ጠርሙስ ውስጥ ይሞላዋል። ሁሉም እዚያው ፖርቱጋል ይሞላ የተባለው ከ1975 ምርት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የ1963 ጠርሙስ ላይ የእንግሊዝ ነጋዴ ስም ብታዩ ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትሩጡ።

አለቃዬ «ደረሰኙ የእነዚህ ጠርሙሶች ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?» አለ። እዚህ ላይ ልክ ነበር። ግን ቡሹ ይመሰክራላ! ፖርት አምራቾቹ ስማቸውንና ዓመቱን የሚያትሙት ቡሹ ጎን ላይ ነው። የአንዱን ሰም ትንሽ ፈቅፍቀን ከኋላ ባትሪ እናብራበት አልኩት። ካታሎጉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፣ ጊዜ የለም አለኝ። «ዓመቱ ያልታወቀ ፖርት» ተብለው ወጡና ለአንድ እራት በማይበቃ ዋጋ ተሸጡ። የገዛው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ሰሙን በቢላ ላጠው። ባትሪውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። 1927 ይላል፣ አንድ ቁጥር እንኳ ሳይደበዝዝ። ሴትዮዋ ቼካቸው ሲደርሳቸው የምስጋና ካርድ ላኩልን። አለቃዬ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እስካሁን ያናድደኛል።

እናንተ ዋጋ በስልካችሁ በሰከንድ ታወጣላችሁ፤ ዋጋው የየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ግን አትጠይቁም። ወይኑ አንገቱ ድረስ ያለው ጠርሙስና ትከሻው መሃል የወረደው፣ ዓመታቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም። በሰሙ ዙሪያ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ቡሹ አንጠባጥቧል ማለት ነው። «ኮልዬይታ 1963» የሚለውንም ቪንቴጅ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። እሱ ለዓመታት በርሜል ውስጥ ያረጀ ነው። ጥሩ መጠጥ ነው፣ ግን ሌላ ዕቃ። እኔ እንኳ ከፖርት ሁሉ የሚስማማኝ እሱ ነው፤ ቪንቴጁ ጣፋጭነቱ ይበዛብኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ጠጅ እየጠጣ ያደገ ሰው እንዴት ይህን ይላል ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ስለ ሩዲ ኩርኒያዋን ሰምታችሁ ሁሉንም ትጠረጥራላችሁ። በ2014 ኒው ዮርክ ላይ 10 ዓመት የተፈረደበት ሰውዬ በዋናነት ያስመስል የነበረው ውድ የፈረንሳይ ወይኖችን፣ የቡርጎኝና የቦርዶ የሚባሉትን ነው። ፖርት ዋጋው ከእነሱ ስለሚያንስ አጭበርባሪ ብዙም አይደክምበትም። የ1931 ኖቫል ናሲዮናል የሚባለው እጅግ ውድ ፖርት ሲመጣ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ አትግዙ። «ከአያቴ ምድር ቤት የወጣ» የሚል ሻጭ ሞልቷል። የእኔዋ ሴትዮ እውነታቸውን ነበር፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መዶሻው ባረፈበት ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ቦታ ከ20 በመቶ በላይ ነው፣ ታክስም ይከተለዋል። 1963 ግሩም ዓመት ነው። ግን ሁሉም ተደምሮ ከሱቅ ዋጋ ካለፈ፣ ሱቅ ሂዱ።