ጠየቃችሁን፦ ረጅም በረራ በኢኮኖሚ ክላስ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ቁመቴ 1 ሜትር ከ88 ነው። የ13 ሰዓት በረራ አለብኝ። የሁለት አየር መንገዶች ዋጋ ተቀራረበብኝ። አንደኛው ስሙ የገነነ ነው፣ ሽልማት በሽልማት። ሌላውን ብዙ ሰው አያነሳውም። ወንድሜ «ታዋቂውን ያዝና ተገላገል» ይለኛል። እናንተስ?

መልስ፦ ወንድምህን ለጊዜው አትስማው። ስሙ የሚነግርህ ስለ መስተንግዶውና ስለ ምግቡ ነው። የጉልበትህን ዕጣ የሚወስነው ግን አውሮፕላኑ ነው፣ በተለይ ደግሞ ባለቤቱ በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር እንደደረደረበት። ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት የበረራው ዝርዝር ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት ተጽፏል፣ እሱን ፈልግ።

ቦይንግ 777ን እንውሰድ። ድሮ ብዙዎቹ በአንድ ረድፍ 9 ሰው ነበር የሚያስቀምጡበት። ዛሬ የአውሮፕላኑ ስፋት ያው ሆኖ አብዛኞቹ 3-4-3 አድርገው፣ ማለትም በየዳሩ ሦስት በመሃል አራት፣ 10 ያስቀምጡበታል። አስረኛው ወንበር ከሰማይ አልወረደም፤ ከዘጠኙ ወንበሮችና ከመተላለፊያው ተሸርፎ የመጣ ነው። የወንበሩ ወርድ ወደ 17 ኢንች ይወርድና አንተና ጎረቤትህ በክርን ስትገፋፉ ታድራላችሁ። ቦይንግ 787ም ያው ነው፣ ለ8 ታስቦ አብዛኞቹ 9 ያስቀምጡበታል፤ የጃፓኑ አየር መንገድ ጃል በዓለም አቀፍ በረራው 2-4-2 አድርጎ በመተዉ እኔ በግሌ አመሰግነዋለሁ። ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 3-3-3 ከሆነ 18 ኢንች አካባቢ ይሰጥሃል። አንድ ኢንች ምን ትፈይዳለች እንዳትል፣ ትከሻህን ጠይቀው።

ለቁመትህ ዋናው ቁጥር ግን «ፒች» የሚሉት ነው፣ ከአንተ ወንበር እስከ ፊት ለፊትህ ወንበር ያለው ርቀት። በረጅም በረራ 31 ወይም 32 ኢንች የተለመደ ነው። 33 ወይም 34 ካገኘህ ሳታመነታ ያዝ። ይህ ርቀት የወንበሩን ጀርባ ውፍረትም ይጨምራል። ስለዚህ ጀርባው የሳሳ አዲስ ወንበር በዚያው ቁጥር ለጉልበት ሻል ያለ ቦታ ይለቃል፤ ዕዳው ትራሱም አብሮ መሳሳቱ ነው፣ ስድስተኛው ሰዓት ላይ ብረቱ ይሰማሃል።

እኔ አንድ ጊዜ ይሄን ሁሉ ቆጥሬ፣ ለክቼ፣ የኮራሁበትን ወንበር ይዤ ስገባ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር የስክሪኑ መሣሪያ የገባበት የብረት ሳጥን ተቀምጦ ጠበቀኝ። ግራ እግሬ ሌሊቱን ሙሉ መተላለፊያው ላይ ነበር፣ የምግብ ጋሪው ሁለት ጊዜ ገጭቶታል። ስለዚህ የወንበሩን ካርታ ስታይ ይሄንንም አጣራ። ከመሄድህ በፊትም አንዴ ደግመህ እይ፣ አውሮፕላን ይቀይራሉ።

ጥያቄ፦ ሥራዬ በየጊዜው በአውሮፕላን ያበርረኛል። የአውሮፕላን ምግብ የትም ሆነ የት ለምላሴ አንድ ዓይነት ነው። ጡረታ እስክወጣ እንዲህ ልዝለቅ?

መልስ፦ ምግቡ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው፣ ምላስዎም አለበት። የካቢኑ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይሆናል፣ የአየር ግፊቱም ዝቅ ይላል። ያኔ ጨውና ጣፋጭ ይደበዝዛሉ። ቲማቲምና እንጉዳይ ግን ጣዕማቸውን አይለቁም፣ መሬት ላይ የቲማቲም ጭማቂ ዞር ብሎ የማያይ ሰው እዚያ ላይ ደጋግሞ የሚያዘው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ምግቡ መሬት ላይ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ አየር ላይ የሚሞቅ ስለሆነ ከመረቅ ጋር የተሠራው ከደረቁ ይሻላል። ልዩ ምግብ ቀደም ብለው ካዘዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት ይቀርብልዎታል።

አየር መንገዶች የሚለያዩት ከሳህኑ ይልቅ በመሃሉ ባሉት ሰዓታት ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ ውሃ ይዞ የሚዞር አለ ወይስ ደወል ተጭነው ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ? እኔ መስተንግዶን የምለካው በዚያች ብርጭቆ ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። ለ11 ሰዓት በረራ የመውጫ በር ያለበትን ሰፊ ወንበር ልግዛላት?

መልስ፦ ተይው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው አደጋ ቢፈጠር በሩን ለመክፈት የሚያግዝ መሆን አለበት፣ ካልቻለች ያስነሷታል፣ ገንዘብሽም ሊቀር ይችላል። ደግሞ የምግብ ጠረጴዛው የክንድ ማስደገፊያው ውስጥ ስለሚታጠፍ ወንበሩ በወርድ ይጠባል።

ለእሷ የሚሻለው የመተላለፊያ ዳር ነው፣ ማንንም ሳታስቸግር ተነስታ እንድትንቀሳቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ዕድሉ በራሱ ትንሽ ነው፣ አትደንግጪ፤ ግን እግሯ የሚያብጥ ከሆነ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፣ የሚያጠብቅ ካልሲ ያስፈልጋት እንደሆነም ትጠይቅ። ምርጫ ካለሽ 787 ወይም ኤ350 ይሁንላት። በእነሱ ውስጥ የካቢኑ ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው፣ በቆዩት አውሮፕላኖች ግን እስከ 2,400 ይደርሳል፣ ድካሙ ይለያል።

ወንበሯን ለመጸዳጃ ቤት ቅርብ ላድርግላት ብለሽ ግን ልክ አጠገቡ እንዳትይዢላት። ሦስት አራት ረድፍ ራቅ ይበል፤ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሁሉ የሚቆመው እሷው ራስ ላይ ነው።